የእትዬ ቡዜ ኮርኒስ

አሁን የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ጣሪያው ኮንክሪት ነው። አይጥ አይሮጥበትም፣ ዝናብ አያንጠባጥብም፣ ቀና ብዬ ሳየውም የሚነግረኝ ነገር የለም። ካዛንቺስ ሳለን ግን የሰው ኑሮ ከጣሪያው ይነበብ ነበር። የጭቃ ቤቶቻችን ኮርኒስ አቡጀዲ ነበር፤ ነጩ ጨርቅ ተሰፍቶ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ተወጥሮ፣ በኖራ ይለቀለቃል። የእገሌ ቤት ኮርኒስ ካረገበ ቆርቆሮው እንደሚያፈስ፣ ከጠቆረ እቤት ውስጥ ከሰል እንደሚያነዱ፣ አዲስ ከሆነ ደግሞ ልጅ ሊድሩ እንደሆነ እናውቃለን። ሰፈሩ ወሬኛ ነበር ማለቴ አይደለም። እሺ፣ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ኮርኒስ አብዛኛውን የወጠሩት ጋሽ ዳባ ናቸው። በአንድ ግድግዳ የምንካለል ጎረቤቴ ነበሩ፤ እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ «ይማርዎት» የምል ዓይነት ጎረቤት። አርባ ዓመት ሙሉ ሽቅብ ሲያዩ ኖረው አንገታቸው ወደ ኋላ እንደቀና ቀርቷል። የማያውቃቸው ሰው ኩሩ ይመስሉታል። ኩሩም ናቸው፤ ግን በአንገታቸው ምክንያት አይደለም።

ሥራው የሁለት ሰው ሥራ ነበር። ጋሽ ዳባ ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ይወጥራሉ። ባለቤታቸው እትዬ ቡዜ ደግሞ ይሰፋሉ። አንዱ የአቡጀዲ ቁራጭ ቤት ሙሉ ስለማይሸፍን ሦስት አራቱ ጎን ለጎን መገጣጠም አለበት፤ የሚገጣጠመውም በእጅ ነው። የመኪና ስፌት ሲወጠር ይተረተራል ይላሉ ጋሽ ዳባ፤ የሚሉትን የሚከራከር ሰው አላየሁም። እትዬ ቡዜ በራቸው ላይ ተቀምጠው ያንን ሁሉ ጨርቅ ጭናቸው ላይ ቆልለው፣ ግቢውን በሙሉ በዓይናቸው እየጠበቁ፣ አንዴም ወደ መርፌው ሳያዩ ይሰፉ ነበር።

የራሳቸው ቤት ኮርኒስ ግን ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንደሚባለው ነው። ከተወጠረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። የዝናቡ እድፍ ቡናማ ሆኖ ተሠራጭቶበታል፣ አንዱ ማዕዘን ተቀዶ አፈር ያራግፋል። «ለበዓል እንቀይረዋለን» ይላሉ፤ በዓል ሲመጣ ደግሞ የሰው ቤት ይቀድማል። እንደዛ እንደዛ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሞላ።

በ2015 ነሐሴ ላይ እትዬ ቡዜ ከቦኖ ውሃ ሲመለሱ ግቢያችን ጭቃ ላይ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ሆኑ፣ ብረት ገባላቸው፣ ከሆስፒታል ሲወጡም ልጃቸው ሜቲ ሰንጋ ተራ ወዳለው ኮንዶሚኒየሟ ወሰደቻቸው። ሜቲ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት። ጥሩ ልጅ ናት። አንዳንዴ ጥሩነቷ ያናድዳል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ከጋሽ ዳባ ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። ቤቱን ሳየው እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ የሶፋው ትራስ ሁሉ የወተት ቡና ቀለም ነው። ለገና ገና ወር ሲቀረው ጥግ ላይ ዛፍ ቆሟል፤ መብራቱ እንደሌላው ሰው ቤት አይብለጨለጭም፣ ዝም ብሎ በርቶ ይቀመጣል። ጋሽ ዳባ እንዳያቆሽሹት የፈሩ ይመስል ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ቡዜ መኝታ ክፍል በጀርባቸው ተኝተው ጣሪያውን ያያሉ።

«እንዴት ነዎት እትዬ ቡዜ? ቤቱስ ተስማማዎት?» አልኳቸው።

«ምን ይጎድላል መዲዬ» አሉኝ። «ሁሉም ነገር አልቆ የተቀመጠበት ቤት ነው።»

ማሞገሳቸው መስሎኝ እኔም አብሬ አሞገስኩ።

ልንወጣ ስንል ሜቲ አባቷን በሩ ላይ ያዘቻቸው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን ጎረቤት ነኝ፣ ሰማሁ።

«አባዬ፣ ለገና እማዬን ይዣት እመጣለሁ። እሷም ቤቷ መዋል ትፈልጋለች። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ሐኪሙ ገና ብዙ ወር በጀርባዋ ትተኛ ነው ያለው። ያ ኮርኒስ ዓይኗ ላይ አፈር እያራገፈባት እዛ አላስተኛትም። ማለቴ ጸጥ ያለ፣ ኮዚ የሆነ ቤት ነው የሚያስፈልጋት። ቤቱ ለበሽተኛ የሚሆን ከሆነ ትቀራለች። ካልሆነ ግን የዛኑ ዕለት ይዣት እመለሳለሁ፤ በቃ፣ ከዚያ በኋላ እኔ ጋ ናት።»

ጋሽ ዳባ «እሺ» አሉ። 

ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ «መድኃኒት፣ ኮዚ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ቢሮ ውስጥ ስንት ጊዜ የሰማሁትን ቃል ለማስረዳት ቸገረኝ። «ማለት፣ በቃ፣ ሥራዎን ጨርሰው ቤትዎ ገብተው፣ ጫማዎን አውልቀው፣ ጋቢዎን ደርበው፣ ማንም የማይጠራዎት ጊዜ የሚሰማዎት ነገር» አልኳቸው።

«እሱንማ አውቀዋለሁ» አሉ። «ቡዜ ስትኖር ነው።»

ለምን ልጅዎ ጋ ሄደው አብረው አይኖሩም ብዬ ላለመጠየቅ ምላሴን ያዝኩ። መልሱን አውቀዋለሁ። ቤቱ ባለ አንድ መኝታ ነው፤ ልጆቹ ሳሎን ያድራሉ። ጋሽ ዳባ በአማቻቸው ሶፋ ላይ ተኝተው ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ» ሲባሉ ከሚኖሩ ቢሞቱ ይመርጣሉ። በአርባ ዓመት አንድ ቀን ሳይለያዩ የኖሩ ሰዎች በታክሲ እየተጠያየቁ ሊኖሩ ነው ማለት ነው። አሳዘኑኝ፤ ማዘኔን ግን ካወቁ ስለሚቆጡ ስለ ታክሲው ወረፋ ማማረር ጀመርኩ።

የገና ሰሞን ለሳቸው የሥራ ጊዜ ነው። ታኅሣሥ ሙሉ መሰላል ተሸክመው ከቤት ቤት ሲዞሩ አየኋቸው፤ ስፌቱን ሴትየዋ ስለሌሉ ራሳቸው ነበር የሚሰፉት። «የራስዎን ቤትስ?» ስላቸው «ቀን ይዤለታለሁ» ይሉኛል። እኔም በበኩሌ ቤታቸውን ማሳመር አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። ትንሽዬ የፕላስቲክ ዛፍ ገዝቼ፣ እንደ ልማዳችን በረዶ እንዲመስል ጥጥ በታትኜበት (በረዶ አይቶ የማያውቅ ሰው ጥጥ ይበትናል) ወሰድኩላቸው። ዛፉን ወደዱት። ከአልጋው ግርጌ አስቀምጠው ግን አልጋው ላይ በጀርባቸው ተንጋለሉና ቀና ብለው አዩ።

«አየሽ፣ ዛፉን የሚያየው የቆመ ሰው ነው» አሉኝ። «ቡዜ የምታየው ይሄን ነው።»

ከላያቸው ያ ቡናማ እድፍ፣ ያ የተቀደደ ማዕዘን ነበር። ከተኙበት ሲነሱ ሽፋሽፍታቸው ላይ አፈር ነበረ።

ዓርብ ታኅሣሥ ሃያ ስድስት ከሥራ መልስ አቡጀዲውን ሊገዙ ሲሄዱ አብሬያቸው ወጣሁ፤ እኔም የመጋረጃ ጨርቅ እፈልግ ነበር። ሜክሲኮ አካባቢ ያለችው ነፊሳ የጨርቅ ነጋዴ ናት። ወላጆቿ የወሎ ሰዎች ናቸው፣ እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አፏ እንደ መቀሷ የተሳለ። ጋሽ ዳባን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ውይ ጋሼ! እትዬ ቡዜ እንዴት ሆኑ? ስንት ሜትር ልቁረጥ? የማን ቤት ነው?»

«የኔ ቤት ነው» አሉ ጋሽ ዳባ፤ የቤታቸውንም ልክ ነገሯት።

«የርስዎ? ማሻአላህ! ግን ዛሬ ተገዝቶ እንዴት ይደርሳል? በዓሉ እኮ እሑድ ነው።»

«እሑድማ ሃያ ስምንት ነው። ነገ ጠዋት የሐጎስን ቤት ኖራ እጨርሳለሁ፣ ከሰዓት እሰፋለሁ፣ እሑድ ወጥሬ ኖራ እቀባለሁ፣ ሰኞ በሃያ ዘጠኝ ገና ነው» አሉ ጋሽ ዳባ። ቀን የያዙለት እንዲህ ኖሯል።

ነፊሳ መቀሷን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ዘመኑ ማን ነው?»

«ማን ነው?»

«ዮሐንስ ነዋ! ጳጉሜ ስድስት ሆና አልነበረ እንዴ? በዮሐንስ ገና በሃያ ስምንት ነው የሚውለው። ኧረ ጋሼ! ጾሙን የሚጾሙት እርስዎ ነዎት እኔ?»

ሳቅሁ። ጋሽ ዳባን ዞሬ ሳያቸው ሳቁ አፌ ላይ ቀረ። የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ነገር ነው፣ ክርስቲያን ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን በየቤቱ የሚያስታውሰው አንድ ሰው ነው። እናት ወይም አያት ወይም ደጀ ሰላም የማይጠፋ አጎት ይኖራል፣ ሌላው በሱ ይመራል። እኔም ራሴ «እሑድ ገና ነው» ከማለት በቀር ቀኑ ሃያ ስንት እንደሆነ አስቤ አላውቅም። እሳቸውም ለደንበኞቻቸው «ለበዓሉ ይደርሳል» ነው የሚሉት፤ ደንበኛም «እሺ» ይላል። ማን ቀን ይጠራል?

«ቡዜ ነበረች» አሉ ጋሽ ዳባ ለራሳቸው ይመስል። «"ዳባ፣ ዘንድሮ ዮሐንስ ነው፣ እንዳትሳሳት" ትለኛለች። ሁልጊዜ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ራሴ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።»

እዚያው ላይ ለሐጎስ ደውለው እንደማይመጡ ይንገሩት አልኳቸው። ሐጎስ ቄራ ያለ ሥጋ ሻጭ ነው፤ የቤቱን ጨርቅ በዚያው ዕለት ወጥረውለት ኖራው ነበር የቀረው።

«የሰው ቤት ጥሬ ጨርቅ ተወጥሮበት በዓል ይዋልበት?» አሉኝ።

«የርስዎስ ቤት?»

ብራቸውን አውጥተው መቁጠር ጀመሩ። ንድድ አለኝ። ይኸው ነው የሳቸው ነገር! በገዛ ቤታቸው ሲሆን ነገ፣ በሰው ቤት ሲሆን ዛሬ። ሴትየዋን ቢያጡ እንኳ የሐጎስን ኖራ ቀብተው ነው የሚያጡት። ይህንን በሆዴ ያዝኩት፤ ነፊሳም ጨርቁን ለካች፣ ከለካችውም ላይ ሌላ ሜትር ጨመረችና «ይሄ የእትዬ ቡዜ ነው» ብላ ጠቀለለችው።

ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ መሰላላቸው ከግቢ ሲወጣ ሰማሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ቅንድባቸው ኖራ ለብሶ፣ ሐጎስ የሰጣቸውን የበዓል ሥጋ በፌስታል አንጠልጥለው ተመለሱ። ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ አሮጌውን ኮርኒስ መንቀል ጀመሩ። የአሥራ አንድ ዓመት አፈር፣ የአይጥ ጎጆ፣ የማን እንደሆነች ያልታወቀች አንዲት የሕፃን ካልሲ፣ ሁሉም ወረደብን። ጨርቁ በእጅ ሲያዝ እንደ ፉርኖ ዱቄት ይፈርሳል። ስፌቱ ግን አንድም ቦታ አልተፈታም ነበር። ጥቃቅን፣ እኩል እኩል፣ ከዳር እስከ ዳር። ጋሽ ዳባ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል በመቀስ ቆርጠው ኪሳቸው ከተቱት። እኔ እንዳላየ ሆንኩ።

ከዚያ መስፋት ሆነ። እሳቸው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው አንዱን መስመር ያዙ፤ ሌላውን እኔ ያዝኩ። ቁልፍ መስፋት እንኳ በቅጡ አልችልም፣ ግን ማን አለ? የበዓል ዋዜማ ነው፣ ሰው ሁሉ በጉዳዩ ላይ ነው። ጣቴን አራቴ ወጋሁት። በየመሐሉ «ጠበቅ አድርጊው»፣ «እሱ በዛ፣ ላላ አድርጊው» ይሉኛል፤ እኔም እያጉረመረምኩ እሰፋለሁ።

ሲወጠር አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። በበሩ በኩል ክንድ የሚያህል ቦታ ሳይሰፋ ቀርቷል። ኖራው ደግሞ የማይታሰብ ነበር፤ ያን ሰዓት ቢቀባ ሌሊቱን ሲያንጠባጥብ ያድራል፣ ጠዋት ደግሞ በሽተኛ በእርጥብ ቤት አይተኛም። ከመሰላሉ ወርደው ቀና ብለው አዩት። ጨርቁ ገና የፋብሪካ ቀለሙ አልለቀቀውም፤ የኔ ስፌት የሄደበት መስመር ወዲያና ወዲህ ይላል።

«ጨርቅ ነው» አሉ። «ኮርኒስ አይደለም።»

«አፈር አያራግፍም እኮ» አልኳቸው።

«ሜቲ ታየዋለች።» መሰላሉን አጥፈው ወደ ውጭ ወጡ። እኔ ቀርቼ ቤቱን ጠረግሁ፣ ንጹሕ አንሶላ አነጠፍኩ፣ ዛፉን አቧራውን አራግፌ አበራሁት፣ ለጠዋት የሚጎዘጎዘውን ቄጠማ በውሃ ርጬ በር ላይ አስቀመጥኩ። ለሁለት ሰዎች ትዳር የምከራከር ጠበቃ ሆኜ ማስረጃ የማዘጋጅ መሰለኝ፤ ማስረጃዬም አላማረኝም።

እሑድ አራት ሰዓት ላይ የሜቲ መኪና መጣች። እትዬ ቡዜን ወንበር ላይ እንደተቀመጡ የሜቲ ባልና የግቢው ወንዶች ተሸክመው አስገቧቸው፤ ጎረቤቱ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ እልል አለ። አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተኙ። ጋሽ ዳባ ከግርጌ ቆመዋል፤ ነጭ ጋቢ ደርበዋል፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት አላወቁም። ሜቲ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። ቄጠማውን አየች፣ ዛፉን አየች፣ ከዚያ ቀና አለች።

«አባዬ፣ አልተቀባም እኮ» አለች በቀስታ። በመርፌ የተወጋውን የአባቷን ጣት አይታዋለች መሰለኝ ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ባይኖርም ግን ሐሳቧን አልለወጠችም።

«ቀን ተሳሳትኩ» አሉ ጋሽ ዳባ።

እትዬ ቡዜ ጣሪያውን እያዩ «ዮሐንስን ረሳኸው?» አሉ።

«ረሳሁት።»

እትዬ ቡዜ ሳቁ። ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ዳሌያቸው ስላመማቸው እያቃሰቱ «ወይኔ! ወይኔ!» ይላሉ፣ ግን አላቆሙም። ሲያበቁ ዓይናቸውን ጠርገው እንደገና ወደ ላይ አዩ፤ አሁን እንደ በሽተኛ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነው የሚያዩት።

«ይሄኛውን መስመር አንተ ነህ የሰፋኸው። ክር ስትስብ እንደምትጣላ ነው። ያንን ማነው የሰፋው?»

 «እኔ ነኝ እትዬ ቡዜ» አልኩ።

«መዲዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሰክረሽ ነበር?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ሜቲ እንኳ አፏን ይዛ ሳቀች። እትዬ ቡዜ ግን አልሳቁም። በበሩ በኩል ያልተሰፋውን ክፍተት አይተው ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ዳባ፣ ነገ አውርደው። ሁለቱን መስመር ፍታና እዚህ ደረቴ ላይ አምጣልኝ። እጄ አልተሰበረም። እኔ ስጨርስ ትወጥረዋለህ፣ ከዚያ ኖራውን ትቀባዋለህ፣ ሲደርቅ ትደግመዋለህ።»

«እማዬ» አለች ሜቲ፣ «ማታ እኮ እንመለሳለን ብለን...»

«አንቺ ተመለሺ ልጄ። ልጆችሽ አሉ፣ ያለቀለት ቤትሽ አለ።» የልጃቸውን እጅ ይዘው ሳሙት። «እኔ ሥራ ይዣለሁ።»

 ሜቲ ከመኪናው የእናቷን መድኃኒትና የልብስ ቦርሳ አምጥታ ከአልጋው ሥር አስቀመጠችው።

ጋሽ ዳባን ዞሬ ስፈልጋቸው የሉም። ግቢው ጥግ፣ የኖራው ባልዲ ዘንድ አገኘኋቸው። አንገታቸው ወደ ኋላ እንደቀና የቀረ ሰው፣ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የእግሬን ኮቴ ሲሰሙ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

«ኖራ ዓይኔ ገብቶ ነው» አሉኝ።

ባልዲው ባዶ ነበር። ኖራው ገና ከከረጢቱ አልወጣም።